ቀሃን ያልተሻገርሁባት ሰንበት

ስጸልይ ዓይኔን አልጨፍንም። ከጎኔ የሚቆሙት ጎረምሶች ይህን አይተው ይሣሣቃሉ፤ «አያ ተገኘ እየጸለየ ነው ወይስ ከእህል ላይ ዶሮ እየጠበቀ?» ይባባላሉ አሉ። ይሳቁ፤ እኔም በእነሱ ዕድሜ ብሆን እስቅ ነበር። ዓይኔን ገልጬ መጸለይ የጀመርሁበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ለማንም ከነሙሉ ታሪኩ አልነገርሁም። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ። ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የኖረ ነገር ስለሆነ፣ ቁጣዬ አልፎ አልፎ ቢያመልጠኝ ታገሡኝ።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ያኔ ሠላሳ ያልሞላኝ ቀጥቃጭ ነበርሁ፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ እሠራለሁ። አገራችን ወገራ ደጋው ላይ ነው፤ ከጎንደር በእግር ከአንድ ቀን ጥቂት ያልፋል። ጎረቤቶቻችን ፈላሻ ይሉናል፣ እኛ ራሳችንን ቤተ እስራኤል እንላለን። የሠራነውን ማረሻ ይወዳሉ፣ የሠራንበትን እጅ ይፈራሉ። እኛም ብንሆን ከእነሱ ጋር ከተነካካን ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ከቤታችን አንገባም። እነሱ በእኛ ቅል አይጠጡም፣ እኛም በእነሱ አንጠጣም። ዕቃ ስንሰጣጥ እንኳ አንዱ ከድንጋይ ላይ አስቀምጦ ፈቀቅ ይላል፣ ሌላው መጥቶ ያነሣል። እንዲህ ተራርቀን ሰላም እንኖር ነበር።

የሰፈርንበትን መሬት አባቴ ነበር ያገኘው። የአገሩ ባላባት ለሥራው ውለታ ሲመልስለት «ለልጅ ልጅህ ይሁን» ብሎ በሽማግሌ ፊት ሰጠው። በዚያ መሬት ላይ የእኔና የታላቅ ወንድሜ ቤት፣ ብረት የምንቀጠቅጥበት ጎጆ፣ ዐሥራ ሁለት ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ጸሎት ቤት ነበር። ከተዳፋቱ ሥር ደግሞ መቃብራችን አለ። ከዚያ ውስጥ አንዱ የሚስቴ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ከነልጁ አረፈች።

እሷ ከሞተች በኋላ እጄ ከዳኝ። ብረቱን አግላለሁ፣ መዶሻውን አነሣለሁ፣ ከዚያ ለምን እንዳነሣሁት ይጠፋኛል። ብረቱ እፊቴ ቀዝቅዞ ይጠቁራል። ሰዎች «ተገኘ አበቃለት» ማለት ጀምረው ነበር። ከዚያ ያወጣኝ ወንድሜ ዳኘው ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ አያ ዳኘው ነበር የምለው። አንድ ጠዋት መጥቶ ወናፉን ከእጄ ወሰደና ከጎኔ ቁጭ አለ።

«መዶሻውን ከማንሣትህ በፊት ሦስት ትንፋሽ ቁም» አለኝ። «በመጀመሪያው የት እንዳለህ እወቅ። በሁለተኛው በማን ፊት እንዳለህ እወቅ። በሦስተኛው ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል በልና ምታ።»

«እሷ ትዝ ካለችኝስ?»

«ትዝ ትልሃለች። ሐሳቡን አትጣላው፣ አትከራከረው። እለፍ በለውና ወደ ትንፋሽህ ተመለስ። አባ ኤልያስ ለእኔ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ።»

አባ ኤልያስ ከጎንደር በላይ፣ ከቀሃ ወንዝ ዳር ለብቻቸው የኖሩ መነኩሴያችን ነበሩ። እኔ ሳልደርስባቸው ሞቱ። ትምህርታቸውን የተቀበልሁት ከወንድሜ አፍ ነው። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ አዳነኝ። መጀመሪያ በብረቱ ላይ፣ ቀጥሎ እጄን ስታጠብ፣ እንጀራ ስቆርስ፣ የቤቴን መዝጊያ ስከፍት ሦስት ትንፋሽ መቆም ለመድሁ። ገበያ ወጥቼ እንኳ አልተውሁትም። አንድ ገዢ «ምነው ተገኘ፣ ዋጋውን ከሰማይ ጠይቀህ ነው የምትመልስልኝ?» ብሎ ገበያውን አስቆብኛል። ከዓመት በኋላ ሐሳብ ሲመጣብኝ «እለፍ» ማለት ለእኔ ዝንብ እሽ እንደማለት ቀሎኝ ነበር። በዚህም እኮራ ነበር፤ መኩራቴን ግን ያኔ አላወቅሁትም።

ባላባቱ ሞተና ልጁ ግራዝማች ወረሰ። ግራዝማችም «አባታችሁ ጢሰኛ እንጂ ባለመሬት አልነበረም፣ ልቀቁ» ብሎ ከሰሰን። ጉዳዩ ጎንደር ችሎት ደረሰ። ወንድሜ ፊደል የቆጠረ ስለሆነ መመላለሱን እሱ ያዘው። እኔ ያኔ ከፊደል አንዱን አላውቅም፤ ጸሎቱንም በቃል ነው የያዝሁት። እሱ ይሟገት፣ እኔ ልቀጥቅጥ፣ በማታው ደግሞ አብረን እንጸልይ ብለን ተስማማን።

አንድ ቀን ከጎንደር ወረቀት ይዞ መጣ። ብረት ከምንቀጠቅጥበት ጎጆ ደጃፍ ቆሞ አነበበልኝ።

«ሁለታችሁም ቅረቡ ይላል። ለሰኞ ነው የተቀጠርነው።»

«አንዳችን ብንቀርስ?»

«የቀረው ድርሻውን እንደ ተወ ይቆጠራል። እንዳትታመምብኝ!» ብሎ ሳቀ። «ሐሙስ እንነሣና ሰንበትን ከአባ ኤልያስ ጎጆ እናሳልፋለን። ሰኞ ማለዳ ችሎት እንገባለን።»

ደስ አለኝ። አባ የጸለዩበትን ቦታ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ተነሥተን፣ መንገድ አድረን፣ ዐርብ ከቀትር በኋላ ቀሃ ደረስን። ጎጆዋ ክዳኗ ግማሽ ተነቅሏል፤ ከወንዙ ወዲህ ዳር ናት። ጎንደር ለመግባት ቀሃን በድንጋይ በድንጋይ መሻገር አለብን። ከዚያ ወደ ከተማው መውረድ የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ለሰንበት ገላን መንከር ወጋችን ስለሆነ ልብሴን አውልቄ ገባሁ። ውሃው አጥንት ይነክሳል። ሦስት ጊዜ ጠልቄ ስወጣ ወንድሜ ከዳር ቁጭ ብሎ ፊቱን ብቻ ያረጥባል።

«ምነው አያ፣ አትነከርም?»

«ሳል ጀምሮኛል።»

መንገዱን ሁሉ ሲስል አልሰማሁትም። ይህ ሐሳብ መጣብኝ። ቁልጭ ብሎ ነበር የመጣው፤ «አልሳለም እኮ» አለኝ። እኔ ምን አደረግሁ? እንደ ለመድሁት ተነፈስሁና «እለፍ» አልሁት። አለፈ።

«እንግዲያ እኔ ከወዲያ ማዶ ዘመዶች ቤት ልደር። እሳት ዳር ካልተኛሁ ሰኞ ድምፅ አይኖረኝም» አለ። «አንተ ከዚህ ሁን። አባ ሰንበት ከገባ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ቀትር ዝም ይሉ ነበር፤ አንተም ሞክረው። ከሰው ጋር አትነጋገር። ለሰኞ ልባችንን ያጠነክርልናል።»

ዳቦውን ሁሉ ለእኔ ተወልኝ። ቦርሳውን ሲከፍት ከልብሱ ሥር አዲስ ጫማ አየሁ። ለዘመድ ቤት አዲስ ጫማ ምን ያደርግለታል? ይህም መጣብኝ። «ለሰኞ ነዋ» ብዬ መለስሁለት፤ ከዚያ «እለፍ» አልሁት። ወንድሜ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ፣ «ሸጋ ሰንበት ይሁንልህ» ብሎ ወንዙን ተሻገረ።

የቅዳሜን ጠዋት ብዋሻችሁ ኃጢአት ይሆንብኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ጸልዬ አላውቅም። ከወንዙ ዳር ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ውሃው ይሰማኛል፣ ትንፋሼ ይሰማኛል፣ ሌላ ምንም የለም። ከሚስቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ስጠራ አላመመኝም። እዚያው ድንጋይ ላይ ዕንባዬ ወረደ፤ የደስታ ነበር።

ጀምበር ገና ብዙም ሳትወጣ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ከወዲያ ማዶ መጥቶ ቆመ።

«ተገኘ የሚባለው አንተ ነህ?» ብሎ ጮኸ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ዳኘው ወንድምህ ነው?»

አሁንም ነቀነቅሁ።

«ምነው፣ አትናገርም?»

እጄን ከአፌ ላይ አደረግሁ። ሰውየው ጎጆዋን አየ፣ ነጭ ልብሴን አየ፣ ከኪሱ ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ አንድ ነገር ጫረና ተመለሰ። ምን ፈልጎ ነው? የወንድሜንስ ስም ከየት አመጣው? ይህኛው ሐሳብ እንደ ሌሎቹ ቶሎ አልሄደልኝም፤ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሰ። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ሦስት አራት ጊዜ «እለፍ» አልሁት። በመጨረሻ ሄደ። ያን ጊዜ ፈተና ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር!

ረፋዱ ላይ ሌላ ሰው መጣ። እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ከቁስቋም የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ብራና የሚፍቁበትን ስለት የምሠራላቸው እኔ ነበርሁ። ለአንድ ተዝካር ወደ ገጠር እየወጡ ኖሮ ሲያዩኝ በትራቸውን ተክለው ቆሙ።

«ተገኘ! ምነው ከዚህ ተጎልተሃል?»

እጄን ወደ አፌ አደረግሁ።

«ዝምታ ይዘሃል? እኛም ቀዳሚትን እናከብራለን፣ እንደ እናንተ ግን አፋችንንም እግራችንንም አንቆልፍም» ብለው ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። ግራ ቀኙን አዩ። «ይልቅ ስማኝ። ጆሮህን አልቆለፍህም። ጉዳያችሁ ዛሬ ቀትር ላይ እንደሚታይ አታውቅም?»

ዝምታዬን የፈታሁት ያኔ ነው። «ሰኞ ነው፣ መሪጌታ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ዛሬ ነው። ወንድምህን አዲስ ጫማ ተጫምቶ ከግራዝማች ጋር ወደ ችሎት ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ነገ ደግሞ ከእኛው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ይነሣል፤ ግራዝማች ናቸው የክርስትና አባቱ። መሬቱ በእሱ ስም ይጸናለታል ተብሏል። አንተ መንነሃል፣ ዓለምን ትተሃል፣ ድርሻህን ለወንድምህ ሰጥተህ ከአባ ኤልያስ ጎጆ ገብተሃል እየተባለ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ማን ይላል እንግዲህ!»

የካኪው ሰውዬ ከችሎቱ ተልኮ ምን ሊያይ እንደመጣ ገባኝ። መናኙን ሊያይ ነበር የመጣው። አየው፤ ነጭ ለብሶ፣ ከመነኩሴ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ከሰው አልነጋገርም ሲል አየው። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

«መሪጌታ፣ ይመለሱልኝ። አልመነነም፣ ድርሻውንም አልተወም ብለው ይንገሩልኝ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «የተማሪዎቼን ቀለብ የሚሰጡ ግራዝማች ናቸው። ይህን የነገርሁህም ሾልኬ ነው። ራስህ ሂድ! አሁን ብትነሣ ቀትር ሳይሆን ትደርሳለህ። ከችሎቱ ፊት መቆም ብቻ ነው ያለብህ፤ መቆምህ ይበቃል።» ይህን ብለው በትራቸውን ነቅለው ሄዱ።

ተነሣሁ። ወደ ወንዙ ሮጥሁ። ከመጀመሪያው ድንጋይ ስደርስ ቆምሁ።

ሰንበት ወንዝ አንሻገርም። ይህን የማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል። አባቶቻችን በሰንበት ጦር ሲመጣባቸው እንኳ ከጎጇቸው አልወጡም እየተባልን ነው ያደግነው። ለአንድ ድርሻ መሬት ብዬ ልሻገር? ደግሞ መሬት ብቻ ነው እንዴ? ጸሎት ቤቱስ? ሰንበት የሚጠበቅበትን ቤት ለማዳን ሰንበትን መሻር ይቻላል? እሷስ፣ ከተዳፋቱ ሥር ያለችው? አንድ እግሬን ከውሃው አስገባሁ። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ሸፈነኝ። አወጣሁት። እንደገና አስገባሁት።

ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ «ለሃይማኖቱ ብሎ ቀረ» ይሉኛል፤ ያመሰግኑኛል። ውዳሴው ስለማይገባኝ እውነቱን ልንገራችሁ። እግሬን የያዘው የእግዚአብሔር ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከተሻገርሁ ወንድሜ ከድቶኛል ብዬ አመንሁ ማለት ነው። ካልተሻገርሁ ግን መሪጌታ ተሳስተው ይሆናል፣ ሰኞ ይሆናል፣ አያ ዳኘው እሳት ዳር ተኝቶ እየሳለ ይሆናል። ያሳደገኝን፣ ከሞት ያወጣኝን ሰው በአንድ እርምጃ ማጣት አልቻልሁም። ጥላዬ ከእግሬ ሥር እስኪገባ ድረስ ከዚያው ቆምሁ። ቀትር ሆነ፣ አለፈም። ከዚያ በኋላ ብሻገርም ዋጋ አልነበረውም።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ወንድሜ መጣ። በአዲሱ ጫማ ነው የመጣው፤ ከክንዱ ላይ አዲስ ጋቢ አንጠልጥሏል። በሰንበት ገበያ ወጥቶ ገዝቷል ማለት ነው። ከወዲያ ማዶ ቆመና አየኝ። ምንም ሳልናገር አወቀ።

«ማን ነገረህ?» አለ።

«አንተ ንገረኝ።»

«በእኔ ስም ጸና። ሁሉም።»

«እኔስ?»

«መንነሃል ተባለ።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልሁ።»

አልካደም። ይህ ራሱ አቃጠለኝ። ቢክድ፣ ቢምል፣ ቢያለቅስ የምይዘው አገኝ ነበር።

«ጸሎት ቤቱስ?»

«ይነሣል። ከክርስቲያን መሬት ላይ አይቆምም ብለዋል።»

«የእሷ መቃብርስ?»

አንገቱን ደፋ። «አይታረስም። ቃል አስገብቻቸዋለሁ።»

«እነማንን ነው ቃል ያስገባኸው? የማንስ ቃል ነው የሚታመነው? ያን ሁሉ ትንፋሽ ያስተማርኸኝ ለዚህ ነው? ዝም በል ያልኸኝ ለዚህ ነው?» ጮኽሁ። በሰንበት እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

«ስድስት ልጆች አሉኝ፣ ተገኘ!» እሱም ጮኸ። «አንተ ብቻህን ነህ። መዶሻህን ተሸክመህ የትም ትኖራለህ። እኔ ስድስት አፍ ይዤ ወዴት እሄዳለሁ? ለሁለታችን አይፈርዱልንም ነበር። አንዳችን ከእነሱ ወገን ካልሆንን ሁለታችንም እንነቀል ነበር። ያስተማርሁህ እንድትድን ነው። ያኔ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«የነገረህ ሰው መቼ ነው የነገረህ?»

«ረፋድ ላይ።»

«እንግዲያ ትደርስ ነበር።»

«እደርስ ነበር።»

ብዙ ጊዜ ውሃውን እያየ ቆየ። ከዚያ ቀና አለና እንዲህ አለኝ፤ ቃሉን አንድ በአንድ አልረሳሁትም። «እኔ ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ነበር የተቀመጥሁት። በሩ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። ሦስቱንም ጊዜ አንተ መስለኸኝ ብድግ አልሁ። ብትገባ ኖሮ ሁሉን እተወው ነበር፣ ተገኘ። ካንተ ጋር ተያይዘን እንወጣ ነበር። አልመጣህም።»

ይህን ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ በድንጋዮቹ ላይ እስከ ወንዙ አጋማሽ መጣ። ጋቢውን ከመሐለኛው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላው ፈቀቅ አለ። ክርስቲያኖቹ ለእኛ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። «እንዳልነካህ ብዬ ነው፤ ሰንበትህ እንዳይረክስ» አለኝ። ወንድሜ ነው ይህን ያለኝ። በአንድ ቅል ጠጥተን ያደግን ወንድሜ! ጋቢውን ሳላነሣ ዞሬ ወደ ጎጆዋ ገባሁ። እሁድ ማለዳ ስወጣ አልነበረም፤ ወንዙ ወስዶት ይሁን መንገደኛ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ጸሎት ቤታችን ፈረሰ፤ ዐሥራ ሁለቱ ቤተሰብ በየዘመዱ ተበተነ። እኔ ወደ ደምቢያ ወርጄ ከኮላ ድባ አጠገብ መዶሻዬን ተከልሁ። ወረቀት ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ ጢሜ ሸብቶ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርሁ። ይህን ራሴ የምጽፍላችሁም ስለዚያ ነው።

የከበደኝ ግን መሬቱን ማጣት አልነበረም። በሩ ነው። ሦስት ትንፋሽ ልቆም ስል በሩ ይመጣብኛል፤ ሲከፈት፣ ወንድሜ ብድግ ሲል፣ የሚገባው ሰው እኔ ሳልሆን ስቀር። «እለፍ» እለዋለሁ፣ አያልፍም። እኔ ነኝ የከዳሁት ማለት ጀመርሁ። አንድ ወንዝ ብሻገር ወንድሜን አድን ነበር፣ ጸሎት ቤቱን አድን ነበር፣ ከመቃብሯ አጠገብ እኖር ነበር። ለዓመታት እንዲህ ራሴን ስከስስ ኖርሁ። ሌላ ሚስት አላገባሁም። መታመሙን ሲነግሩኝ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፣ አዎ፣ እኔ እሱን! ሳልደርስ ሞተ። ከቤተ ክርስቲያን ቀበሩት።

ከሞተ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ከኮላ ድባ ማጭድ ዘርግቼ ስሸጥ ያረጀ ካኪ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ፊቴ ቆመ። ማጭድ አንሥቶ ስለቱን በጣቱ ሞከረና ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ አየኝ።

«አንተ ያ የቀሃው ዝምተኛ አይደለህም?» አለ። «ከገዳም ወጣህ እንዴ?»

«ገብቼም አላውቅ» አልሁት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀን ወንድሜ ከበሩ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠው?»

«ከየትኛው በር?»

«ከችሎቱ በር።»

ሽማግሌው አሰበና ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። «ያን ሰሞን የችሎቱ ጣራ ወርዶ እየተጠገነ ነበር። ዳኞቹ ከግቢው ዋርካ ሥር ነው ያስቻሉት። በር የሚባል ነገር አልነበረም። ወንድምህን ግን አስታውሰዋለሁ፤ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ከግራዝማች ጋር ተቀምጦ፣ መቼ ነው የምንጠራው እያለ ሲነዘንዘኝ ነበር።»

ማጭዱን ሰጠሁት። ሌሎቹንም ጠቀለልሁና ገበያው ሳይፈታ ወደ ቤቴ ገባሁ። መዝጊያዬን ስከፍት እንደ ልማዴ ሦስት ትንፋሽ ለመቆም ሞከርሁ፣ አልሆነልኝም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ወንድሜ በሞተ ጊዜ ያላለቀስሁትን ሁሉ አለቀስሁ። ረፋድ ላይ እንደነገሩኝ ከአፌ ሰምቶ፣ ከውሃው ዳር ቆሞ፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው በሩን የሠራው። መሬቴን ወስዶ አልበቃውም፤ ጥፋቱንም አሸክሞኝ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ጸሎቱን ተውኸው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልተውሁትም። ያስተማረኝ ሰው ስለከዳኝ ትምህርቱ ውሸት አይሆንም፤ ዛሬም መዶሻዬን ሳላነሣ ሦስት ትንፋሽ እቆማለሁ። ግን አባ ኤልያስ «የት እንዳለህ እወቅ» ያሉትን የመጀመሪያውን ትንፋሽ እኔ ሁልጊዜ እየዘለልሁ ወደ ሦስተኛው ስሮጥ እንደነበር ገብቶኛል። በዚያች ሰንበት የት እንደነበርሁ አላወቅሁም። እግዚአብሔር አእምሮ የሰጠኝ እንዲያስጠነቅቀኝ ነው፤ እሱ ሲያስጠነቅቀኝ እኔ በእግዚአብሔር ስም አባረርሁት። እናንተም ስትጸልዩ ክፉ ጥርጣሬ ቢመጣባችሁ ቶሎ አትስደዱት። አስቀምጡት፣ ምን ይዘህ መጣህ በሉት፤ ውሸታም ከሆነ ያን ጊዜ ይሂድ። እኔ ዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ለዚህም ነው ዓይኔን የማልጨፍነው።

ዐርብ ዐርብ ገላዬን ልነከር ስወርድ ይቅር የምለውን ሰው ስም እየጠራሁ ነው ውሃ የምገባው። ግራዝማችን ይቅር ብያለሁ። መሪጌታን ይቅር ብያለሁ። አያ ዳኘውንም መሬቱን ይቅር ብየዋለሁ፤ ስድስት ልጆች ነበሩት። በሩን ግን እስከ ዛሬ አልቻልሁም።